ውኃ ጭነን ወደ ባሌ

የማኅበሩ የወጣቶችና ስፖርት ኮሚቴ በ25ኛው ዓመት በዓል ላይ ለወላጆች ያቀረበው ንግግር



በመርሐ ግብሩ ላይ ለእኛ የተሰጠን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። እንደ ደንቡ ቢሆን የኮሚቴያችንን የሥራ ክንውን፣ ስንት ኳስ እንደተገዛና ስንት ዋንጫ እንደተወሰደ መዘርዘር ነበረብን። እሱን በጽሑፍ አቅርበናል፤ ያነበበ አንብቦታል። ዛሬ የምንናገረው በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. ልጆቻችሁን በብስክሌት ባሌ ስለወሰድንበት ጉዞ ነው። ጉዞውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፎቶግራፎቹም በማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ፎቶግራፎቹ የማይናገሩት አንድ ነገር ግን አለ። እሱን ሳንናገር "ሌላ ጉዞ እናዘጋጅ" ብለን እናንተ ፊት መቆም አላስቻለንም።

ከመነሻው እንጀምር። ሞያሌ ላይ ብስክሌት ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም፤ የውኃ ማመላለሻ ነው። ከኮርቻው በስተኋላ ግራና ቀኝ ቢጫ ጀሪካን ይታሰርበታል፤ ልጁ መሪውን ይዞ እየገፋ፣ ዳገት ሲሆን ታናሹ ከኋላ እየደገፈ፣ ከውኃው እስከ ቤት ይመላለሳል። ልጁ ባዶ ብስክሌት ሲነዳ ያየ አባት "ጀሪካኑን የት ጣልከው?" ብሎ ይቆጣል። እኛም ብንሆን ስንቆጣ ነው የኖርነው።

ልጆቹን ሌላ ነገር ያሳዩዋቸው መንገደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን በብስክሌት የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች በከተማችን ሲያልፉ ኖረዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚህ እስከ ማርሳቢት ያለው ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አስፋልት አልነበረውም፤ የዲዳ ገልገሉ ድንጋይ የስንቱን ጭነት መኪና ጎማ እንደበላ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እነዚያ ሰዎች ግን በብስክሌት ይገቡበት ነበር። ልጆቻችን ከበዋቸው ወፍራሙን ጎማ፣ በፊተኛው ሹካ ላይ ያለውን ሞላ፣ የፍሬኑን አሠራር እየነካኩ ያያሉ። አንድ ጊዜ አንዱ መንገደኛ ከልጆቻችን አንዱን "ኢትዮጵያዊ ነህ? የባሌ ተራሮችን እንዴት አገኘሃቸው?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ የሚመልሰው አጣ። እኛ ጋ መጥቶ "ባሌ ከዚህ ይርቃል?" አለን። ከእኛ መካከል ባሌን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም በውትድርና ዘመኑ በሌሊት፣ ሸራ በለበሰ ጭነት መኪና ውስጥ ሆኖ ያለፈ ነው።

ብስክሌት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው "ታዲያ እኛ ለምን ጀሪካን ብቻ?" አሉን። መልስ አልነበረንም። ጉዞው የተጠነሰሰው በዚህ ነው።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። አሥራ አንድ ልጆች፣ አራት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ አይሱዙ። አስፋልቱን ይዘን በያቤሎ፣ በዲላ፣ በሐዋሳ አድርገን ሻሸመኔ እንደርሳለን፤ ከዚያ በዶዶላና በአዳባ ዞረን ጎባ እንገባለን። ከጎባ ግን በብስክሌት ወደ ሳነቴ እንወጣለን፣ በሐረና ደን ቁልቁል ወርደን ዶሎ መና እንደርሳለን። ይህ መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያች አጭር ርቀት ግን ዛፍ የማይበቅልበት የውርጭ ምድርም፣ ፀሐይ የማይገባበት ደንም፣ የእኛው ዓይነት ቆላም አለ። ከዶሎ መና በኋላ በነገሌ በኩል በመኪና ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

አሁን ወደ ጥፋታችን እየቀረብን ነው። የሞያሌ ሰው ለመንገድ ሲሰናዳ መጀመሪያ የሚያስበው ውኃ ነው። እኛም አሥር ጀሪካን ሞልተን ጫንን፤ ሁለት መቶ ሊትር ማለት ነው። ብስክሌቶቹ ሲጫኑ አይሱዙው ሞላ። ወላጆች ለልጆቻቸው የላካችሁት ወፍራም ልብስ በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ነበር። የሚወርደው ምን ይሁን ተባባልን። "ታኅሣሥ በጋ ነው፤ ፀሐይ ነው፤ ሹራብና ጋቢ ይበቃቸዋል" ብለን አንዱን ከረጢት አወረድነው፤ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ አስቀመጥነው። ከእኛ መካከል ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ነበረ። እሱ እንኳ ከሃያ ዓመት የሞያሌ ኑሮ በኋላ ብርድን ረስቶት ነበር።

ጎባ ስንደርስ ያደርንበት ቤት ባለቤት ጀሪካኖቹን አይተው "ከባሌ ውኃ ልትወስዱ ነው?" ብለው ጠየቁን። "የለም እናቴ፣ ይዘን ነው የመጣነው" አልናቸው። ሴትዮዋ አልሳቁብንም፤ ዝም ብለው ወደ ጓሮ ወስደው የሚወርደውን ምንጭ አሳዩን። ልጆቹ ምንጩ ሥር ቆመው የሚዘጋው ሰው እስኪመጣ ጠበቁ። የሚዘጋው አልመጣም።

ጎባ ሁለት ሌሊት አደርን። ይህን በትክክል ሠርተናል፤ ሞያሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ጎባ ግን ከ2,700 ሜትር አያንስም፣ የሳነቴ ሜዳ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ከቆላ ወጥቶ በአንድ ቀን እዚያ የሚደርስ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በሁለተኛው ቀን የልጆቹ ራስ ምታት ለቀቃቸው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነሣን።

ዳገቱ የኮሶና የአስታ ዛፍ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ልጆቹ ማርሹን ወደ ቀላሉ እያወረዱ፣ ሲደክማቸው እየገፉ፣ ረፋድ ላይ ከአፋፉ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ዛፍ የሚባል የለም። ሰፊ ሜዳ፣ ትንንሽ ሐይቆች፣ ብርማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ፣ በየመካከሉ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ። ከእኛ አንዱ "ዓለም ሲፈጠር የተረፈ ዕቃ የተከማቸበት ይመስላል" አለ። ያልተስማማ አልነበረም።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልን። የፓርኩ አስጎብኚ ከፍተኛውን ተራራ እያሳየ ስሙን ገና "ቱሉ ዲምቱ" ሲል ልጆቹ "ቀዩ ተራራ!" አሉ። 4,377 ሜትር ነው። ትንሽ ቆይቶ ቀይ ቀበሮ ስትታይ "ጄዳላ ፈርዳ" አላቸው፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፤ ልጆቹ ተሳሳቁ። ከቦረና ልጆች ጋር ያደጉ ስለሆኑ አነጋገሩ ትንሽ ቢለይባቸውም ኦሮምኛው አላስቸገራቸውም። እኛ አገራቸውን ልናሳያቸው የወሰድናቸው ሰዎች ግን አስተርጓሚ የምንፈልገው እኛው ሆንን። በየስብሰባው "ልጆቻችን አገራቸውን አያውቁም" እያልን ስናማርር ስለኖርን ነው ይህን የምንናገረው።

አስጎብኚው ስለ ብስክሌቱም መክሮናል። ከመንገዱ ወጥታችሁ በሜዳው ላይ አትንዱ አለን። ከሣሩ ሥር ፍልፈሉ ጉድጓዱን ቆፍሮ ይኖራል፤ ቀይ ቀበሮም የምትኖረው በእሱና በአይጦች ነው። ጎማ ያለፈበት አፈር ይደረመሳል፣ በዚያ ብርድ ደግሞ የተጎዳ ሣር ቶሎ አያገግምም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ የሚገኘው በባሌ ነው። ውሻም ከኋላ እንዳይከተለን አስጠነቀቀን፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷቸው ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ተለወጠ። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ መጣ። በጋ ነው ብለን ነበር። አይሱዙው ጎማ ተንፍሶበት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ጋቢዎቹ እሱ ላይ ናቸው። ልጆቹ ዳገቱን ሲወጡ ባላባቸው ሹራብ ላይ ዝናቡ ወረደባቸው። ከሁሉም ፊት የነበረችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ፈጣን ስለሆነች ማንም አልደረሰባትም ነበር። ስንደርስባት ብስክሌቷን መንገድ ዳር ጥላ ተቀምጣለች። "ለምን ቆምሽ?" ስንላት የሰጠችን መልስ ቃሉ የተያያዘ ነበር፤ እንደ ሰከረ ሰው። መጀመሪያ ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር ብለው ልጆቹ ነገሩን፤ እኛ ስንደርስ ግን መንቀጥቀጧን ትታለች። "ተሻላት" አልን። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ቃል ብለነዋል። በብርድ የተያዘ ሰው መንቀጥቀጡን ሲተው መባሱ እንደሆነ፣ ሰውነቱ ራሱን ማሞቅ እንዳቃተው እንደሆነ አላወቅንም።

ከእኛ አንዱ ለራሱ የያዛት ትንሽ አረቄ ነበረችው፤ አውጥቶ ሊያጠጣት ከፈተ። እጁን የያዘው አስጎብኚው ነው። አረቄ ለጊዜው የሞቀ ያስመስላል እንጂ በሰውነት ውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክነዋል። እጅና እግሯን እንሻሽላት ያለውንም ከለከለው። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ የእረኞች ጎጆ ነበረ። ተሸክመን ወሰድናት።

በጎጆው ውስጥ አንዲት እናትና ሁለት ልጆቻቸው ነበሩ። እኛ በአማርኛ ጀመርን፤ አልተግባባንም። የተናገሩት ልጆቻችን ናቸው። የሆነውን በሁለት ቃል አስረዷቸው፣ ሴትዮዋም እኛን ወንዶቹን ከጎጆው አስወጥተው የልጅቷን እርጥብ ልብስ አወለቁ፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቀለሏት፣ ከሴቶቹ ልጆቻችን ሁለቱን ግራና ቀኝ አስተኝተው አቀፏት። መናገር ስትጀምር ትኩስ ወተት በማር ጥቂት በጥቂት አጠጧት። እኛ ውጭ በዝናቡ ቆመን ከጭሱ ሌላ የምናየው አልነበረም። ያን ሰዓት ምን እንደተባባልን ለመናገር አንችልም፤ ብዙም አልተነጋገርንም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ከውስጥ ስትስቅ ተሰማ። "ውኃ ጭነን መጣን" የሚለውን ታሪክ ልጆቹ ለሴትዮዋ እየተረኩላቸው ነበር።

አይሱዙው ሲደርስ ልጅቷን በጋቢና አሳፍረን፣ ሌሎቹንም ብስክሌታቸውን ጭነን፣ በሐረና አፋፍ ካለችው ከሪራ መንደር አደርን። ለሴትዮዋ ገንዘብ ብንሰጣቸው አልቀበልም አሉ። ከጀሪካኖቹ ሁለቱን ባዶ አድርገን ስንሰጣቸው ግን ደስ አላቸው፤ ጀሪካን እዚያም ጀሪካን ነው።

በማግስቱ ልጅቷ "እነዳለሁ" አለች። አንዳንዶቻችን አይሆንም ብንልም ከኋላ በመኪና እየተከተልናት ነዳች። ሐረናን ለመግለጽ ቃል ያጥረናል፣ ብንሞክርም እንረዝማለን። ዛፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ሽበት አለ። ዝቅ ሲሉ ቀርከሃ፣ የበለጠ ዝቅ ሲሉ ማንም ያልተከለው ቡና ከደኑ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በዛፎቹ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ከልጆቹ አንዱ በእኩለ ቀን "መሸ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። እውነትም ጨለማ ነበር።

ይህ ቁልቁለት ለብስክሌተኛ ከዳገቱ የሚብስ ነው። ከሳነቴ ሜዳ እስከ ዶሎ መና ከ2,500 ሜትር በላይ ይወረዳል። ፍሬኑን ጨብጦ የሚወርድ ልጅ የቸርኬው ብረት እየጋለ የውስጥ ጎማው ይፈነዳበታል፤ ሁለት ልጆች ላይ ደርሷል። ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የኋላውንም አብረው እየያዙ፣ በየጥቂቱ ቆመው ብረቱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው ያለው። ከሞያሌ የጫንነው ውኃ ለአንድ ነገር ጠቀመ፤ የጋለ ቸርኬ አቀዘቀዝንበት።

ዶሎ መና ስንደርስ ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ግመሉ ሁሉ የቤታችን ነው። ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው ጮኹ። ከዚያ በመኪና ወደ ነገሌ ስናልፍ የገናሌ ዳዋ 3ን ግድብ ውኃ ከሩቅ አየን። ብስክሌታችንን ይዘን እንዳንጠጋ ስለተነገረን ከሩቅ ነው ያየነው። ግድቡ 110 ሜትር ከፍታ አለው፣ 254 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ የተመረቀው በጥር 2012 ዓ.ም. እኛ ካለፍን በኋላ ነው። ከሳነቴና ከሐረና የሚነሡት ወንዞች በአብዛኛው ወደ ገናሌና ወደ ዌብ ይገባሉ፤ ገናሌ ወርዶ ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ይገናኝና ጁባ ተብሎ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳል። በዚያ ውኃ የሚኖረው ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። የእኛ የኬንያ ሞያሌ መብራትም ለብዙ ዓመታት ከኢትዮጵያ በኩል ሲመጣ የኖረ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጆቹ ያን ሁሉ ውኃ ተኝቶ ሲያዩ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አንዱ "ስንት ጀሪካን ይሆናል?" አለ። ሊያሰላ ሞክሮ ዳዋን ተሻግረን አሬሮ ጽድ ውስጥ እስክንገባ አልጨረሰም።

ሞያሌ ገባን። የልጅቷ እናት ሊቀበሏት መጥተው "ፊቷ ምነው ገረጣ?" ሲሉን "ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር" አልን። ልጅቷም አላጋለጠችንም። ከሳምንት በኋላ እናት ስለ ጃኬቱ ጠየቁ። ለዚያ ጉዞ ብለው ከናይሮቢ ያስመጡት አዲስ ጃኬት ነው። መጋዘን ውስጥ እንዳለ እናውቅ ነበር፤ ባወረድነው ከረጢት ውስጥ። ግን "እዚሁ ትተነው ሄደን ነው" ካልን ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ "መንገድ ላይ ጠፋ፣ እንተካለን" አልናቸው። አልተካንም። የሌሎቹን ልጆች ልብስ በየተራ፣ "ከመኪናው ተገኘ" እያልን መለስን።

ከዚያ ብዙ ነገር መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፣ ድንበሩም ተዘጋ። ዝናቡ በተከታታይ አምስት ወቅት ቀርቶ በሁለቱም ወገን የቦረና ከብት ሲያልቅ፣ ብስክሌቶቹ ወደ ጀሪካናቸው ተመለሱ፤ መመለስም ነበረባቸው። ስለ ጉዞ የሚጠይቅ ስላልነበረ እኛም ዝም አልን። ባለፉት ዓመታት ግን ልጆቹ ደጋግመው መጠየቅ ጀምረዋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ ወረቀቱን አቅልሎታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ታናናሾቹ የግድግዳውን ፎቶግራፍ እያዩ "የእኛ ተራ መቼ ነው?" ይላሉ።

ከዚህ በዓል ሁለት ሳምንት በፊት አራታችንም ወደ ልጅቷ እናት ቤት ሄደን ሁሉንም ነገርን፤ ጃኬቱንም መለስን። ቡና አፍልተውልን ነበር፤ ሦስተኛውን ሳንጠጣ ወጣን፤ አልተቀመጡም፣ አላስቀመጡንም። ይቅርታ አድርገውልናል ለማለት አንደፍርም። አንድ ነገር ብለውናል፤ "ለእኔ የነገራችሁኝን ለሁሉም ንገሩ፣ ያን ጊዜ እናያለን።" ዛሬ የተናገርነው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ልጅቷም አሁን ሴት ወይዘሮ ሆናለች፤ ከታናናሾቹ ጋር እንድትሄድ ጠይቀናት "ወፍራሙን ልብስ እኔ ራሴ ከጫንኩ" ብላለች።

እንግዲህ ወላጆች ፈቃዳችሁን ስትሰጡ ወይም ስትከለክሉ ይህን አውቃችሁ ይሁን። ጉዞው ከተፈቀደ የልብሱ ከረጢት ከሁሉ በፊት ይጫናል፤ ጋቢና ደረቅ ቅያሪ በመኪናው ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ልጅ ጀርባ ይሆናል። ማንም ልጅ ብቻውን ከፊት አይቀድምም፤ ፈጣኖቹ እንደሚያኮርፉ እናውቃለን፤ ያኩርፉ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጠቆረ ሜዳውን አናቋርጥም፤ ጎባ ተመልሰን እናድራለን። የመንገዱን ጸጥታ ከሁለቱም ወገን አስተዳደር ጠይቀን፣ የተባልነውን በጽሑፍ ለእናንተ እናሳያለን፤ ካልተመቸ አንሄድም። ጀሪካን ሁለት ብቻ፣ ባዶውን ይጫናል።

መዝገቡ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዛሬ መፈረም አያስፈልግም፤ ቤታችሁ ሄዳችሁ ተመካከሩ። ብስክሌት ያላቸው ልጆች ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ወደ ማኅበሩ ግቢ ያምጡት፤ ፍሬኑን እንፈትሻለን።